ጤናዎን ከመቶ ስንት ይሰጡታል?

ሰው ቤት አንኳኩቶ ገብቶ፣ የቀረበለት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ወተት ጠጥቶ፣ አፉን ሳይጠርግ የቤቱን ባለቤት «እንግዲህ ለመሞት አሥር ዓመት ቀረዎት እንበል» የሚል እንግዳ ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ያ እንግዳ እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት ሥራዬ ይኸው ነበር። የሆሳዕና ከተማ ውሾች ሱሪዬን ምን ያህል እንደሚያውቁት የምናውቀው እኔና የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ብቻ ነን።

በደህናው ጊዜ የሂሳብ መምህር ነኝ። በቁጥር ላይ ያለኝ እምነት ደግሞ ከልክ ያለፈ ነው። ሚስቴ አንድ ቀን ወጡ ጣፍጦኝ እንደሆነ ብትጠይቀኝ ከአሥር ስድስት ተኩል ሰጥቻት ሁለት ቀን አኩርፋኛለች። ስድስት ተኩል እኮ ማለፊያ ነው። እና ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል፣ ሰዎች ለልዩ ልዩ የጤና ሁኔታ የሚሰጡትን ዋጋ በቁጥር የሚለካ የዩኒቨርሲቲ ጥናት ዳታ ሰብሳቢ ይፈልጋል መባሉን ስሰማ፣ እኔ ያልተመዘገብኩ ማን ይመዝገብ?

ሥልጠናው በአንድ ሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ፈጀ። አሠልጣኛችን ቀጭንና ትዕግሥተኛ ወጣት ነበር። መጀመሪያ አምስት ነገር ትጠይቃላችሁ አለን፤ ስለ መራመድ፣ ራስን ስለ ማጠብና ስለ መልበስ፣ ስለ ዕለት ሥራ፣ ስለ ሕመም፣ ስለ ጭንቀት። ከዚያ ታብሌቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ታሳያላችሁ። የመስመሩ ታች ዜሮ ነው፤ ሰው ሊያስበው የሚችለው የመጨረሻ ክፉ ጤና። ላዩ መቶ ነው። ሰውየው ዛሬ የት ጋ እንዳለ በጣቱ ይነካል። ከባዱ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይመጣል። አንድ ሕመም ይነበብለትና «እንዲህ ሆነው አሥር ዓመት ቢኖሩ ይሻልዎታል ወይስ ሙሉ ጤነኛ ሆነው ሰባት ዓመት?» ይባላል። ሰባቱን ከመረጠ አምስት፣ አምስቱን ከመረጠ ሦስት እየተባለ ይወረዳል። ለጤና ሲል ብዙ ዓመት ከተወ ያ ሕመም በጣም ይከብደዋል ማለት ነው።

ሕግም ነበረው። አትሳቁ፣ አታልቅሱ፣ አትምከሩ፣ «ጎሽ» አትበሉ፣ «ኧረ!» አትበሉ፣ የተባላችሁትን ጻፉ። ይቺን የመጨረሻዋን በተለይ ወደድኳት። የተባለውን መጻፍ የሚያቅተው መምህር የለም።

በሁለተኛው ቀን ከዘመዶቻችን አንዱን ጠይቀን እንድንመጣ የቤት ሥራ ተሰጠን። እኔ ወደ እናቴ ሄድኩ። እናቴ ፎንቆ ነው የምትኖረው። አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ታናሽ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ ቅርብ ያለሁት እኔ ነኝ። ቅርብ ማለት በሚኒባስ ነው፤ በሌላው በሌላው ቅርብ እንዳልነበርኩ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

በራፍ ላይ ዱካዋ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ጎረቤታችን ወይዘሮ ማርታ ከጓዳ ወጥታ ሰላም አለችኝና ቆጮና አይብ አቀረበችልኝ። እናቴ አልተነሳችም። እኔ ቆጮዬን እየበላሁ ታብሌቱን ከፈትኩ። መራመድ ላይ ችግር አለብሽ? የለብኝም፣ ጌታ ይመስገን። መታጠብ፣ መልበስ? የለብኝም። የዕለት ሥራ? ጌታ ይመስገን። ሕመም? በጌታ ስም የለብኝም። ጭንቀት? ወንድምህ ስልክ ሲያቆይ ብቻ። ከዚያ መስመሩን ሳሳያት ቀኝ እጇን ዘርግታ መቶው ላይ አሳረፈችና ከዚህ በላይ የለውም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ከሕጉ ውጪ ሳቅኩ። የዓመቱን ጥያቄ ሳልጠይቃት ተነሳሁ፤ የመጨረሻው ሚኒባስ ሊያመልጠኝ ነበር። በማግሥቱ አሠልጣኙ ፎርሜን አይቶ ንጹሕ ነው አለ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ደረቴን ነፍቼ ዋልኩ።

ሥራው ሲጀመር ጉዱ መጣ።

ለማያውቀን ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ሐዲያ ጋ የወንጌል አማኝ የሆነ ሰው በሽታን በአንደበቱ አይጠራም። «እንዴት ነህ?» ሲሉት እንዴት እንደሆነ ሳይሆን እንዴት እንደሚሆን ያመነውን ነው የሚናገረው። ለማያውቀው ሰው ደግሞ የበለጠ፤ ለሚጽፍ ሰውማ አይነሳ። ይህን የማያውቅ ፈረንጅ ቢሆን ጥፋቱ ይቅር ይባልለታል። እኔ ግን እዚያው ተወልጄ፣ እዚያው አድጌ፣ እዚያው መዘምራን ውስጥ ቆሜ፣ ታብሌት ሲሰጠኝ ረሳሁት።

የመጀመሪያው ሰውዬ እግሩ እስከ ጭኑ በጀሶ ታስሮ ነበር። መራመድ ላይ ችግር አለብዎት ወይ አልኩት። የለብኝም አለ። ጀሶውን አየሁት፤ እሱም አየው። «እሱ ይድናል» አለኝና መቶን ነካ። ጻፍኩ። ሁለተኛው ሽማግሌ የሚያስላቸው ነበሩ፤ «መ» ብለው ጀምረው ሳሉ፣ ሳሉ፣ ሳሉና «ቶ» ብለው ጨረሱ። እሱንም ጻፍኩ። ሦስተኛዋ አልጋ ላይ የተኛች ሴትዮ ነበረች፤ እጇን ወደ ታብሌቱ ያነሳችላት ልጇ ናት። የእሷንም መቶ ጻፍኩ።

የዓመቱ ጥያቄ ላይ ሲደረስ ደግሞ ጭራሽ ነገር ተበላሸ። አቶ ኤርሳዶ የሚባሉ እንጨት ነጋዴ ጥያቄውን ሁለቴ አስደግመው በጥሞና ሰሙ። ሰባት ዓመት በጤና ይሻለኛል አሉ። ደስ ብሎኝ ልጽፍ ስል የተረፈውን ሦስት ዓመት ማን እንደሚወስደው ጠየቁኝ። ማንም አይወስደውም አልኳቸው። ታዲያ ለምን ይባክናል? ታናሽ ወንድማቸው አጥር ለአጥር ነው የሚኖረው፣ አምስት ልጅ አለው፣ ለእሱ ይጻፍልኝ አሉ። ጥናቱ እንዲህ እንደማይሠራ ሳስረዳቸው ወንድምየውን በአጥሩ ላይ ጠሩት። ወንድምየው የሰው ዓመት አልቀበልም አለ። ታላቅየው ተቀየሙ፤ አባታችን ሲሞት አንተን በአደራ የተቀበልኩ እኔ አይደለሁም ወይ አሉ። ጎረቤት መጣ። ጎረቤቱ ሲበዛ ስብሰባ ሆነ፣ ስብሰባው በጸሎት ተከፈተ። ግማሹ ዓመቱን ተቀበል፣ ግማሹ ዕድሜ የፈጣሪ ነው ሲል ቆይቶ በመጨረሻ የተስማሙት በእኔ ላይ ነው። የሰው ዕድሜ እየቆጠርኩ የምዞረው ያለ ምክንያት ስላልሆነ ይጸለይለት ተባለ። አንድ እጅ ራሴ ላይ፣ አንድ እጅ ታብሌቱ ላይ ተጫነ። በጸሎቱ መካከል ታብሌቱ ባትሪ ጨርሶ ድርግም ሲል አንዲት ሴትዮ ጮክ ብላ አሜን አለች።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ለሰፈር ዞረ። ከሰዓት በኋላ ዓመት የሚቀንስ ሰው መጣ ተብሎ በር ይዘጋብኝ ጀመር። የማውቀው የባጃጅ ሹፌር እንኳ «ቲቸር፣ ሌላ ያዝ» ብሎኝ አለፈ።

በሳምንቱ ሱፐርቫይዘራችን ደወለች። ገነት የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ናት። እኔ የሄድኩበት ቤት ሁሉ ጤነኛ መሆኑን፣ በዚህ ዓይነት ሆስፒታሉ ተዘግቶ ሌላ ነገር ቢሠራበት እንደሚሻል በትሕትና ነገረችኝ። የተባልኩትን ነው የጻፍኩት አልኳት። «እሱማ ጽፈዋል ቲቸር፤ ግን ሲጽፉ ሰዎቹን ቀና ብለው አይተዋቸዋል?» አለችኝ። ተቀየምኩ።

ማታ ለሚስቴ አቤት ስል፣ የምትሰፋውን ሳትተው ነገሩን ጨረሰችው። «እኔን ደህና ነሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኝ አይደለሁም ያልኩህ መቼ ነው? ዛሬ ለምን ልብስ አላጠብሽም ስትለኝ አይደል የሚገባህ?» አለች። የዩኒቨርሲቲ ጥናት ያልደረሰበትን ነገር መርፌ እየሰካች ነገረችኝ። ወጡን ስምንት ልስጠው ነበር።

ከዚያ በኋላ ታብሌቱን ሳልከፍት ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስንዴው እያወራሁ «አምና ይሠሩት ኖሮ ዘንድሮ የተዉት ሥራ አለ?» ማለት ጀመርኩ። ገነትም ለመግባቢያ ከሆነ ይፈቀዳል አለች። ሰው ስለ ሕመሙ ሲጠየቅ አማኝ ነው፤ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ገበሬ ነው። ገበሬ ደግሞ አይዋሽም። ሞርሲቶ የሚባል ቦታ ላይ አንድ አዛውንት ገበያ በእግሬ መሄድ ትቻለሁ አሉኝ፤ ሰው አብሮ ሲሄድ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ስጠብቅ እንዳያየኝ ብለው ነው። ሌላው መቆፈር ትቷል፤ ጎረምሶች ሲቆፍሩለት ማየቱን ስላልቻለ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቀመጣል። እያወሩ ያለቅሳሉ። እኔ ማልቀስ ስለተከለከልኩ የታብሌቱን መስታወት እጠርጋለሁ። ያን ሰሞን እንደ እኔ ታብሌት የጸዳ ታብሌት አልነበረም።

እዚያው ሞርሲቶ አንዲት ትልቅ ሴትዮ ቤት ገባሁ። ያንኑ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። እንሰት መፋቅ ትቻለሁ አሉኝ። ሴቶቹ ለደቦ ሲሰበሰቡ እሳቸው ክንዳቸው አልነሳ ይላቸዋል። ለጎረቤት ግን አመመኝ አይሉም።

«የልጄ ሚስት ትለማመድ ብዬ ነው እላለሁ» አሉኝ። «ሰው ያምነኛል።»

ይህችን ቃል ሰምቻት አውቃለሁ። ከዚያ ክረምት በፊት በነበረው መስቀል ፎንቆ ሄደን ነበር። አተካናውን፣ ያን ክንድ የሚጨርስ ማማሰል የሚፈልግ የቅቤና የቡላ ምግብ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ማንንም ሳታስነካ የምትሠራው እናቴ ናት። በዚያ መስቀል ግን ያማሰለችው ወይዘሮ ማርታ ነበረች። ምነው ብላት እናቴ «ማርታ ትለማመድ ብዬ ነው» አለችኝ። ወይዘሮ ማርታ የስድስት ልጆች እናት ናት፤ የልጅ ልጅ አይታለች። ምን ልትለማመድ ነው? ይህን ያኔ ማሰብ የነበረበት ሂሳብ አስተማሪ አተካናውን ሁለት ጊዜ አስጨምሮ በላና ተኛ። ለቤት ሥራ የሄድኩ ዕለትም ጓዳ የነበረችው ማርታ ናት፤ እናቴ ከዱካዋ አልተነሳችም፤ መስመሩን የነካችው በቀኝ እጇ ነው፣ ግራዋን ነጠላ ውስጥ እንደደበቀች። ሁሉንም አይቻለሁ። አንዱንም አልጠየቅኩም።

ሴትየዋን ይቅርታ ጠይቄ ቃለ መጠይቁን በግማሽ ትቼ ወጣሁና ፎንቆ ገባሁ።

እናቴ በድንገት ስታየኝ ወንድሜ አንድ ነገር የሆነ መስሏት ደነገጠች። ደህና ነው አልኳት። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንዴት ነሽ አላልኳትም። «እማዬ፣ እንሰት ከፋቅሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?» አልኳት።

ወይዘሮ ማርታ ጓዳ ሆና ዕቃ ስታጥብ ነበር፤ የውኃው ድምፅ ቆመ። ከዚያ እናቴ ቀኝ እጄን ያዘችና በቀሚሷ ላይ ወደ ግራ ጡቷ፣ ወደ ብብቷ ወሰደችው። ድንጋይ የመሰለ ነገር ነካሁ። ክንዷ እስከ ጣቷ አብጦ ነበር። እጄን ልስብ ስል አልለቀቀችኝም።

ከሁለት ዓመት በፊት ትንሽ እብጠት ነበር አለችኝ። ቤተ ክርስቲያን ጸለዩላት፤ ሕመሙ ተወት አደረጋት፤ እሑድ ቆማ ተፈወስኩ ብላ መሰከረች። ያን እሑድ እኔም ነበርኩ። ከኋላ ወንበር ሆኜ አጨብጭቤያለሁ። ከምን እንደተፈወሰች ግን አልጠየቅኳትም፤ ወገቧ ይመስለኝ ነበር። ሕመሙ በሦስት ወሩ ተመለሰ። ያወቀችው ወይዘሮ ማርታ ብቻ ናት፤ እሷንም አስምላታለች።

ለምን አልነገርሽኝም አልኳት።

«በሕዝብ ፊት ቆሜ ድኛለሁ ብያለሁ» አለች። «አሁን አመመኝ ብል ጌታን ውሸታም ላደርገው ነው?»

ነጠላዋን ክንዷ ላይ መልሼ አደረግኩላት። በኋላ እሷው ስትጽፍ የምትውለው የዓመት ነገር ምንድን ነው አለችኝ፤ ወሬው ፎንቆም ደርሷል። ታብሌቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። እንዲሁ በቃሌ፣ በሐዲይኛ ነገርኳት። እንዲህ እንዳለሽ አሥር ዓመት ብትኖሪ ይሻልሻል ወይስ ጤነኛ ሆነሽ ከዚያ ያነሰ? ዓመቱን መጥራት ስላቃተኝ ያነሰ ብዬ ተውኩት።

«አሥሩን ምን አደርገዋለሁ» አለች። «ጤናም ባይሆን ግድ የለኝም። ሳልደብቅ የምውልበት ትንሽ ቀን ይበቃኛል። ከክንዴ ይልቅ እሱ ነው ያደከመኝ።»

ይህ መልስ የሚጻፍበት ቦታ ፎርሙ ላይ የለም። ቢኖርም አልጽፈውም ነበር። እግሯ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሷ በደህናው እጇ ራሴን ስትዳብስ ወይዘሮ ማርታም ጓዳ ውስጥ ታለቅስ ነበር።

ሆስፒታል እንሂድ ስላት ሽማግሌዎቹን ሳላስፈቅድ አልሄድም አለች። እኔ ለጠብ ተዘጋጅቼ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ቤት ገሰገስኩ። መንገድ ላይ የምናገረውን ሁሉ፣ የማልናገረውንም ጭምር ስደረድር ሄድኩ። እሳቸው እስክጨርስ ሰሙኝ። ከኮታቸው ኪስ የስኳር ኪኒናቸውን አውጥተው መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ።

«እኛ የጸለይንላት እንድትድን ነው እንጂ እንድትደብቅ አይደለም» አሉ። «እኔ ኪኒናዬን ደብቄ ባልውጥ ኖሮ እሷም ባልደበቀች።»

ጠቤን ይዤ ተመለስኩ። የምጣላው ሰው አጣሁ፤ ከራሴ በቀር።

ሆሳዕና ወሰድናት። ሐኪሙ መረመራት፣ ሌላ ሐኪም ጠራ፣ ከዚያ እኔን ወደ ኮሪደር አወጡኝ። ሁለት ዓመት ቀደም ብትመጡ ኖሮ አሉኝ። ስንት ከመቶ ነው ብዬ ልጠይቃቸው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሕመሟን የሚያስታግስላት ነገር እንሰጣታለን፣ ከዚያ ያለፈው ከአቅማችን በላይ ነው አሉ።

በማግሥቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ከፎንቆ በሁለት ሚኒባስ መጡ። ያን እሑድ ስትመሰክር ከጎኗ የቆሙት ሁሉ ነበሩ። አልጋዋን ከበው ሳሉ ነርሷ ገብታ ትራሷን እያስተካከለች «እማማ፣ እንዴት ዋሉ?» አለቻት። እናቴ ሴቶቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። ወይዘሮ ማርታን አየች። እኔን አየች። ሁላችንም የምትለውን እናውቀው ነበር፤ ከንፈራችን አሜን ለማለት ተዘጋጅቷል።

«ያመኛል» አለች። «በጣም ያመኛል።»

ከሴቶቹ አንዷ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ ወጣችና ከእናቴ ጀርባ ተቀምጣ ደረቷ ላይ አስደገፈቻት። ሌላዋ ያበጠውን ክንድ እንደ ሕፃን ጭኗ ላይ አስተኛችው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ወስጄ አስታመምኳት። አርባ አንድ ቀን ቆየች። በየቀኑ ከጎኗ ተቀምጬ ዛሬስ እንዴት ዋልሽ እላት ነበር፤ በየቀኑም እውነቱን ነገረችኝ።